መዝገብና አደራ

ሰውን ማወቅና ስለ ሰው መረጃ መያዝ አንድ ነገር ነውን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በዛሬው ጊዜ በየአገሩ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት፣ እኛን ስደተኞቹን የሚያሰባስቡትም ጭምር፣ ሳያውቁት በየዕለቱ መልስ እየሰጡበት ነው። መልሱን የሚሰጡት በስብከት ወይም በጉባኤ ውሳኔ አይደለም፤ አንድ ሶፍትዌር በወር ኪራይ ይዘው፣ የምእመናኑን ስም አስገብተው ሥራ ሲያስጀምሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያውን ማውገዝም ሆነ ማወደስ ሳይሆን፣ ከመሣሪያው በስተጀርባ የቆመውን የግብረ ገብ ጥያቄ አውጥቶ ለውይይት ማቅረብ ነው።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንመልከት። የቤተ ክርስቲያን ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚባለው በመሠረቱ ትልቅ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ይከፈትለታል። በገጹ ላይ ስሙ፣ አድራሻው፣ ስልኩ፣ የትዳር ጓደኛውና የልጆቹ ስም፣ የተጠመቀበትና ያገባበት ቀን ይሰፍራል። ቀጥሎም በየሳምንቱ መምጣት አለመምጣቱ፣ በባንክ ካርድ ወይም በስልክ የሰጠው አሥራትና መባ፣ የሚያገለግልበት ክፍል፣ ያቀረበው የጸሎት ጥያቄ፣ ካህኑ ወይም ሽማግሌው ሊጠይቀው ሄዶ ሲመለስ የጻፈው ማስታወሻ ይታከልበታል። ለምሳሌ ፕላኒንግ ሴንተር የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ሲጀምር ዋና ተግባሩ የአምልኮ መርሐ ግብርና የአገልጋዮች ተራ ማውጣት ነበር፤ ዛሬ ግን የአባላትን መዝገብ፣ የልጆችን መረከቢያና የገንዘብ ስጦታን ሁሉ ያጠቃልላል። ይህ ዓይነቱ መዝገብ እንደ ደብተር ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። አንድ አባል ሦስት ሳምንት ከቀረ ማስጠንቀቂያ እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል። የሰጪዎችን ስም በሰጡት ገንዘብ መጠን ከላይ ወደ ታች ሊደረድርም ይችላል።

ጥቅሙን መካድ ሐቅን መካድ ነው። በአገር ቤት የንስሐ አባት የልጆቹን ደጅ በእግሩ ይደርሳል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ቡና ላይ ይሰማል። በስደት ግን ምእመናኑ በሰፊ ከተማ ተበታትነው ይኖራሉ። አንዱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ሌላዋ በሆስፒታል እሑድን ጨምሮ ተረኛ ናት። በዋሽንግተን አካባቢ የአንድ ደብር ልጆች በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋና ከተማዋ ተከፋፍለው ይገኛሉ። አንዲት እናት ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ማንም ሳይጠይቃት ልትወጣ ትችላለች። መቅረቷን የሚያስታውስ መሣሪያ ቢኖር ለእርሷ በጎ ነገር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከአሠሪዋ ቤት መውጣት የማይፈቀድላት የቤት ሠራተኛ ቅዳሴ የምትሰማው፣ ከእኅቶቿ ጋር የምትጸልየው በስልኳ ብቻ ነው። ለእርሷ የኢንተርኔት አገልግሎት ቅንጦት አይደለም፤ ያላት ቤተ ክርስቲያን እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የብዙ አብያተ ክርስቲያናትን በር በዘጋ ጊዜ ሌሎቻችንም የእርሷን ኑሮ ለጥቂት ወራት ቀምሰነዋል።

ከዚህም ሌላ የድሮው ደብተር ንጹሕ ነበር ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ የአባላትና የገንዘብ መዝገብ ሥልጣን ነው። «አባል ማን ነው? በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጠውስ ማን ነው?» የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ ደብተሩን የያዘው ወገን ዳኛም ምስክርም ይሆናል። እያንዳንዱ የሰጠውን ራሱ የሚያይበት፣ ገቢና ወጪ የሚመሳከርበት ሥርዓት ለሁሉም ይበጃል። በአሜሪካ ሕግ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የለገሰ ሰው ስጦታው ከግብር እንዲቀነስለት ከፈለገ ከተቀባዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ትክክለኛ መዝገብ መያዝ የምእመኑን መብት ማስጠበቅ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት በር ላይ ለወላጅና ለልጅ ተመሳሳይ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓትም ሕፃን በባዕድ እጅ እንዳይወድቅ ይጠብቃል።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? አንዳንዶች ችግሩን በመሣሪያውና በሃይማኖቱ መካከል ያዩታል፤ ኮምፒውተር ዓለማዊ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን መንፈሳዊት ናት ይላሉ። ይህ አባባል ውኃ አይቋጥርም። ብራናም ቀለምም ከዓለም የመጡ ናቸው። እውነተኛው ቅራኔ ያለው በሁለት ዓይነት ዕውቀት መካከል፣ ማለትም አደራ በሆነ ዕውቀትና ንብረት በሆነ ዕውቀት መካከል ነው።

አደራ የምንለው ነገር ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፣ የሰጠው ሰው በፈቃዱ ሰጥቷል። ሁለተኛ፣ የተቀበለው ሰው በስም ይታወቃል፤ ቢጠፋ ተጠያቂው እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ለተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ይውላል፤ ባለቤቱ ሲጠይቅም ይመለሳል። በቋንቋችን «አደራ በላ» ከሌባ የከፋ ስድብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሌባ የወሰደው ዕቃ ነው፤ አደራ በላ ግን ከዕቃው ጋር እምነትን በልቷል። ንብረት እንዲህ አይደለም። ባለንብረቱ እንደ ወደደ ያደርገዋል፤ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያወርሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ልጆቿ የምታውቀው ነገር ከሁለቱ የትኛው ነው? በቃል ከተጠየቀ ሁሉም «አደራ ነው» ይላል። በአሠራር ግን እንደ ንብረት እየተያዘ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ ክርስቲያን ሁለት ስም አለው። አንዱ ዓለም የሚጠራበት፣ በመታወቂያና በደረሰኝ ላይ የሚሰፍረው ነው። ሁለተኛው የክርስትና ስሙ ነው፤ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል ተብሎ የንስሐ አባቱ በጸሎት የሚያነሣው፣ ባረፈም ጊዜ ፍትሐት የሚደረስለት በዚሁ ስም ነው። ይህን ስም የሥራ ባልደረባ ቀርቶ ብዙ ጊዜ የልብ ወዳጅ እንኳ አያውቀውም። ሥርዓቱ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ ሰው ሙሉ በሙሉ ለሁሉ የሚገለጥ ፍጡር እንዳልሆነ፣ ከእርሱ የተወሰነው ክፍል ለተወሰነ ሰው ብቻ በአደራ እንደሚሰጥ ያስተምራል። ዛሬ ግን በአንዳንድ የአባልነት ፎርም ላይ የክርስትና ስም ከኢሜይል አድራሻ ጎን ተራ ባዶ መስመር ሆኖ ቀርቧል። የሚሞላው ሰው ማን እንደሚያነበው አይነገረውም። እርሱም አይጠይቅም።

መቁጠርና መመዝገብ በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። በኦሪት ዘኍልቍ ሕዝቡ እንዲቆጠር ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ መጨረሻ ላይ ግን ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ሲያስቆጥር የጦር አለቃው ኢዮአብ እንኳ ነገሩ ስላልጣመው ተከራከረ፤ ቆጠራው ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀ፤ መቅሠፍት ወርዶም 70,000 ሰው አለቀ። ለንጉሡ የቀረበለት ድምር ሰይፍ የሚመዙ ሰዎች ቁጥር ነበር። የተቆጠረው እርሱ የሚጠብቀው ሕዝብ ሳይሆን እርሱ የሚያዝበት ኃይል ነበር ማለት ነው። በአንጻሩ በኦሪት ዘፀአት የተደነገገውን ቆጠራ እናስታውስ። በዚያ የተቆጠረ ሁሉ ግማሽ ሰቅል ይሰጣል፤ ሀብታሙ ከዚያ እንዳይጨምር፣ ድሃውም እንዳያጎድል ታዟል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ሰው ከሰው አይበልጥም። የሰጪዎችን ስም በገንዘባቸው መጠን የሚደረድረው ሶፍትዌር ግን ትእዛዙን ገልብጦታል። ዝርዝሩን ያየ ካህን በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ታመው ቢሰማ ወደ ማን ቀድሞ ይሄዳል? ወደ ድሃው ይሄድ ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ፈተና ተጨምሮበታል። ፈተናውን የጨመርንበት እኛ ነን።

ንብረት የሆነ ዕውቀት ሁለተኛው አደጋ ዓላማው መለወጡ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1538 ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ባዘዘ ጊዜ ሕዝቡ «ይህ ለአዲስ ግብር ነው» ብሎ ሰጋ። ሥጋቱ ከመሃይምነት የመነጨ አልነበረም። መዝገብ ከጻፈው ሰው አሳብ በላይ ዕድሜ እንዳለው ገበሬው ገብቶት ነበር። በጀርመን አገር ይህ እስከ መጨረሻው ታይቷል። የጥምቀት መዛግብቱን ለብዙ ዘመናት የጻፉት ቄሶች ጸጋን ሲመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን እነዚያው ገጾች ማን «አርያዊ» ማን አይሁዳዊ እንደሆነ ማረጋገጫ ሆኑ። በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1936 የደብሮችን መዛግብት በአንድ የሚያሰባስብ ቢሮ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር ተቋቁሞ፣ ከአይሁድ ወገን ሆነው የተጠመቁትን ሰዎች በካርድ ለይቶ አወጣ። የጥምቀት ቀን ይጠብቃቸዋል የተባለው መዝገብ አሳልፎ ሰጣቸው።

ከእኛም ታሪክ ምሳሌ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቀበሌ የተመሠረተው ነዋሪው ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድርበት ተብሎ ነበር። ቤተሰቡ የተመዘገበው ለቤት ኪራይ ነበር፤ ስኳርና ዘይት የታደለውም በቀበሌው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ያው ቀበሌ የቤት ለቤት አሰሳና የእስር መሣሪያ ሆነ። ስኳር ለመቀበል ስሙን ያስጻፈ ሰው ስሙ ወዴት እንደሚሄድ አልተጠየቀም። ይህን ያየ ትውልድ ልጆች ሆነን ሳለ «መዝገብ ምን ጉዳት አለው?» ማለት አይገባንም።

«ያ የአምባገነኖች ታሪክ ነው፤ እዚህ ሕግ አለ» የሚል ይኖራል። ሕግ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን እንመርምረው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሰውን ሃይማኖት ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። የሃይማኖት ማኅበር የአባላቱን መረጃ ሊይዝ ይችላል፤ ያለ ፈቃዳቸው ግን ከማኅበሩ ውጭ ሊያወጣው አይችልም። አባሉም ስለ እርሱ የተያዘውን የማየትና የማሳረም መብት አለው። ይህ ለአደራ የቀረበ አስተሳሰብ ነው። በአሜሪካ ግን ይህን የሚስተካከል አገር አቀፍ ሕግ የለም። እዚያ የመረጃው ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ደብሩ ከኩባንያው ጋር ባደረገው ውል ነው። ኩባንያ ደግሞ ይሸጣል፣ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዚላንድ የተመሠረተው ፑሽፔይ፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ስጦታ በስልክ የሚያሰባስበው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የአባላት መዝገብ የሚሠራውን ቸርች ኮሙኒቲ ቢልደርን በ87.5 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተዋዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ራሱ በመዋዕለ ንዋይ ድርጅቶች እጅ ገባ። በዚህ ውስጥ ወንጀል አለ አንልም። የምንለው አንድ ነው፤ አደራ ተቀባዩ ሲለወጥ አደራ ሰጪው አልተጠየቀም። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለሚገኙ ቡድኖች የጸሎት ጥያቄ የሚለጠፍበትን መንገድ ሲያስፋፋ፣ ጽሑፎቹ እንደ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ለማስታወቂያ መምረጫ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አልካደም። «ልጄ ታሞብኛል፣ ጸልዩልኝ» የሚለው የእናት ልቅሶ የገበያ መረጃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መንግሥትም ይለወጣል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን መኮንኖች በአብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች አካባቢ ሰው ከመያዝ በተቻለ መጠን እንዲቆጠቡ ያዝዝ የነበረው መመሪያ በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ተሰርዟል። ከዚያ በፊት አንድ ሽማግሌ በቅን ልቦና «ይህ ወንድም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ አላለቀም፣ በጸሎት እናስበው» ብሎ በአባሉ ገጽ ላይ ጽፎ እንደሆነ እናስብ። ማስታወሻው አልተለወጠም፤ ዓለም ግን በዙሪያው ተለውጧል። የጻፈው ሰው ደግ ነበር፤ ደግነቱ ግን ማስታወሻውን ከሌላ ዓይን አይጠብቀውም።

እዚህ ላይ የሚቀርቡ ሁለት ተቃውሞዎችን መመርመር ይገባል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። ካህኑ ቢያርፍ ወይም ወደ ሌላ ደብር ቢዛወር የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይጠፋል፤ አዲሱ አባት ከባዶ ይጀምራል፤ ተጎጂው ምእመኑ ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። አድራሻ፣ የስልክ ቁጥር፣ የጥምቀትና የጋብቻ ቀን ይውረስ። ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር መሞት ያለበት ዕውቀትም አለ። ሰው ኃጢአቱን፣ የትዳሩን ስንጥቅ፣ የልጁን ሱስ ለሌላ ሰው የሚነግረው ሰሚው እንደ እርሱ ሟች ስለሆነ ነው። የሰማውን ይዞ እንደሚቀበር ስለሚተማመንበት ነው። የማይሞት ጆሮ ፊት የሚናዘዝ የለም። ሁሉም የሚጻፍበት ደብር ውስጥ ሰዎች ከጊዜ በኋላ መናገር ያቆማሉ፤ መዝገቡ በሞላ ቁጥር ዕውቀቱ ይጎድላል። አዲሱ አባት ከባዶ መጀመሩም ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ምእመኑ ያለፈውን ሳይጎትት እንደገና እንዲታወቅ ዕድል ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቁጥር የመጣ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ያለበትን ማኅበር ያለ መሣሪያ መጠበቅ አይቻልም ይባላል። ለዚህ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚመረመር መልስ አለው። የደርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 ይህችን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿንና ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ። በዚያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በቡድኑ ውስጥ ሁሉም ሁሉን በፊት ያውቃል፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይሰነቅለታል። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ከዚህ የምንማረው ስደትን መመኘት አይደለም፤ መዝገብ አያስፈልግም ማለትም አይደለም። ትምህርቱ ብዙ ሰው የሚጠበቀው ብዙ ጠባቂ ሲኖር ነው የሚል ነው። አንድ ካህን ለ2,000 ሰው ተመድቦ ጉድለቱን በሶፍትዌር መሙላት አንዱ መንገድ ነው። 2,000 ሰውን ለ200 አደራ ተቀባዮች ማካፈል ሌላው ነው። የአገራችን ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበርና እድር በዚህ በሁለተኛው መንገድ ሲሠሩ ኖረዋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች ለውይይት እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍር እያንዳንዱ ነገር በስም የሚታወቅ ባለ አደራ ይኑረው፤ ባለ አደራ ያልተገኘለት ነገር አይጻፍ። ሁለተኛ፣ የገንዘቡን ዝርዝር ሒሳብ ሹሙና ኦዲተሩ ብቻ ይዩት፤ ካህናቱ ማን ስንት እንደሰጠ ከማወቅ ነፃ ይውጡ። ሦስተኛ፣ ኑዛዜ፣ ሕመም፣ የትዳር ጠብ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታና የክርስትና ስም በኪራይ መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይስፈሩ። አራተኛ፣ አባሉ የራሱን ገጽ በፈለገ ጊዜ ያንብብ፣ ያርም፣ ያሰርዝ። አምስተኛ፣ በየዓመቱ የማያስፈልገው ይደምሰስ፤ ከኩባንያው ጋር የሚደረገው ውልም ደብሩ ሲለቅ መረጃው እንዲጠፋ የሚያስገድድ ይሁን። ስድስተኛ፣ መሣሪያው «እገሌ ቀርቷል» ብሎ ባመለከተ ቁጥር የሚሄድ ሰው ይመደብ። የሚሄድ ሰው ከሌለ ማስጠንቀቂያው ይዘጋ፤ ሳይጠይቁ መቅረቱን ብቻ ማወቅ ስለላ እንጂ ጥበቃ አይደለምና።

እነዚህ አሳቦች ወጪ ይጠይቃሉ። ሥራ ያበዛሉ፣ ሪፖርት ያሳጥራሉ፣ አንዳንዱን ጠቃሚ ነገር እንድናጣ ያደርጋሉ። ይህን ሳንደብቅ ልንናገር ይገባል። አደራ ምንጊዜም ከንብረት ይልቅ ይከብዳል፤ ንብረት ያለውን ሰው ያሳርፈዋል፣ አደራ ያለበትን ሰው ያነቃዋል። በወንጌል መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዱ መጥፋቱን ያወቀው ስለቆጠረ እንደነበር አያጠራጥርም። ቆጠራው ግን የነገረው ዘጠና ዘጠኝ መሆናቸውን ብቻ ነው። የትኛው በግ እንደጠፋ፣ በየትኛው ገደል አቅጣጫ መሄድ እንደሚወድ፣ ሲጠሩት በምን ድምፅ እንደሚመልስ ቁጥሩ አይነግረውም፤ ያን የሚያውቀው ከበጎቹ ጋር ስለዋለ ነው። ሶፍትዌሩ ይቁጠር። የሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ግን የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ ብሎ ከመነጋገሩ በፊት ምን ነገር አንጻፍ፣ ማንስ ይሂድ የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በአጀንዳው መጀመሪያ ላይ ያስፍር።